የሶሊያና ወረቀት

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

አምስት ልጆች፣ አንድ ሰዓት ተኩል እንግሊዝኛ፣ ያው ስህተት። ተውላጠ ስም የሚተካውን ስም መምሰል አለበት፤ ስሙ ነጠላ ከሆነ ነጠላ፣ ብዙ ከሆነ ብዙ፣ ሴት ከሆነች ሴት። በ«እኔ» የተጀመረ ነገር መሐል ላይ ያለ ምክንያት «እሷ» አይሆንም። ይህ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ከባድ ነው? አይደለም። ልጆቹ አያስተውሉም፣ ያ ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ ተውላጠ ስም ተነስተው ወደ ስሙ ቀስት እንዲስሉ አዘዝኩ። ቀስቱ ማረፊያ ካጣ ዓረፍተ ነገሩ ይሰረዛል። ሳብሪያ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው፣ ምላሷ የአርባ ዓመት ሴት። ወረቀቷን ከፍ አድርጋ «ጋሼ፣ የእኔ ቀስት ማረፊያ አጥቶ ጋርዴና ደርሷል!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጋርዴና ልጄ አቢጌል የምትኖርበት ከተማ ነው፤ ሳብሪያ ይህን አታውቅም።

ሶሊያናም አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ትጽፍ ነበር። ከአምስቱ በእውነት የምትጽፈው እሷ ናት፤ ሌሎቹ መስመር ይሞላሉ። ስትጽፍ ግን ትሮጣለች፣ ስትሮጥ ተውላጠ ስሞቿ ይጋጫሉ። መጋቢት 23 ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ፈተና አለባት። ካላለፈች ሃይስኩል ገብታም እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ በተለየው ክፍል ትቀጥላለች፤ የምትወደው የሳይንስ ክፍል ከዚያ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚውል አይደርሳትም። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ! ሦስት ዓመት በተከታታይ ወድቃለች፣ ሁልጊዜም በጽሑፉ ክፍል።

እናቷ፣ ሰርክ ትባላለች፣ እኛ ጓዳው ውስጥ ከምንማርበት ሱቅ ሦስት በር አለፍ ብሎ ሬስቶራንት ኩሽና ትሠራለች። «ጋሼ፣ እንደ ልጅዎ ይቅጧት» ብላ ነው የሰጠችኝ። እንደ ልጄ ነው የማያት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

በሁለት ምልልስ መሐል። ሳንታ ሞኒካ፣ ቫኑ ውስጥ። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ሆስፒታሉ በር አሥራ አንድ ነርስ አድርሻለሁ፣ «ሰላም» ያለችኝ አንዲት።

የሹፌሮች ክፍል ግድግዳ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «እያንዳንዱ ሹፌር ቁልፋቸውን ይመልሱ» ይላል በእንግሊዝኛው። በእስክሪብቶ አረምኩት። የፈረቃ አለቃዬ ዳጊ፣ የሠላሳ ዓመት ልጅ ነው፣ ሳቅ እያፈነው መጣ።

«ጋሽ እንዳሻው፣ ኖቲሱን ያረሙት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«ኦኬ። ሶ አሁን ቁልፉን ይመልሱታል ወይስ አይመልሱትም?»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትናንት ሳልመልስ ሄጃለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሶሊያና፦ «የክፍላችን ቲቸር ‹እያንዳንዱ ተማሪ› ብሎ ‹ዜር›፣ ‹የእነሱ› ማለት ኦኬ ነው ብላለች።»

እኔ፦ «እዚህ የክፍላችሁ ቲቸር የለችም። እዚህ ‹ሂዝ ኦር ኸር› ነው፤ የእሱ ወይም የእሷ።»

«ፈተናውን የሚያርሙት ግን እነሱ ናቸው።»

እውነቷን ነው። አልነገርኳትም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መጻሕፍት ቤት ገባሁ። በር እስኪዘጋ ሁለት ሰዓት ነበረኝ። ሦስት የሰዋስው መጽሐፍ አወጣሁ፣ ሁለቱ ከታተሙ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው። ሁለቱም የሶሊያናን አስተማሪ ይደግፋሉ። ሦስተኛው፣ የድሮው፣ ከእኔ ጋር ነው። የድሮውን ተውሼ መጣሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስንማር አንድ መምህር ነበሩን፣ የክፍሉን መጥፎ ወረቀት መርጠው ባለቤቱን ያስቆሙና ጮክ ብለው ያነቡት ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም። ደብረ ብርሃን ባስተማርኩባቸው አሥራ አንድ ዓመታትም ይህንኑ አደረግሁ፤ ተማሪዎቼ ዛሬ የት የት እንደደረሱ ሰው ያውቃል። እዚህ አገር ግን ልጅ ስህተቱን እንዳይሰማ በጥጥ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ፈተናው ላይ ብቻውን ይሰማዋል።

አቢጌል ዛሬም አልደወለችም። ባለፈው ነሐሴ በእንግሊዝኛ አራት ገጽ ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር። በጥንቃቄ አንብቤ፣ ሠላሳ አንድ ቦታ አርሜ፣ በፖስታ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። ፖስታው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ያደረገችኝን ልጻፈው።

ርዕሱን እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ «በቤቴ ውስጥ የማግዘው ሥራ»። የሶሊያና ወረቀት አንድ ገጽ ከግማሽ ነው። «እሷ» እና «እኔ» በየመስመሩ ተምታተዋል። አስቆምኳት፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦

«እናቴ ደብዳቤ ይመጣላታል። እኔ አነበዋለሁ። ከዚያ እሷ ትደውላለች። ‹ሰርክ ነኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው› እላለሁ። ድምፄን አወፍራለሁ። እሷ አጠገቤ ቆማ ጣቷን ትነክሳለች። ሰውዬው ‹ዛሬ ማታ አስቢበት› ይለኛል፣ እሷም ታስብበታለች። አንድ ጊዜ ሴትዮዋ ‹ልጆች አሉሽ?› አለችኝ። ‹አንድ ሴት ልጅ አለችኝ፣ ጎበዝ ናት› አልኳት። እማዬ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ፣ አልነገርኳትም።»

በየመስመሩ ቆሜ ጠየቅኋት። የሚደውለው ማን ነው? እሷ ወይስ አንቺ? ምረጪ! ጎበዟ ማን ናት? ቀስቱ የት አለ?

ዞር ስል ሰርክ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሽርጧን ሳታወልቅ። ከጎኗ የሳብሪያ እናት ሲቲና። ልጆቻቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። መቼ እንደደረሱ አላውቅም። ሲቲና ወደ በርበሬ ካርቶኖቹ ዞረች፣ ዋጋ እንደምታይ ሰው።

ሶሊያና ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀች። «አንተ ምን አገባህ!» አለችኝ።

አንተ!

በአምሳ ስድስት ዓመቴ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በተማሪዎቼ ፊት፣ አንተ። ወጥታ ሄደች። ሰርክ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ እጇ ደረቅ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። ቫን ውስጥ ነኝ። አንተ፣ አንተ፣ አንተ። ቀይ መብራት ላይ ሁሉ ይሰማኛል።

ዳጊ፦ «ጋሼ፣ ምን ሆነዋል? በሩን ሳይዘጉት ነው የነዱት።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

አራት ልጆች። ሶሊያና አልመጣችም።

ቦታውን በነጻ የሰጠን ጋሽ ተክለብርሃን፣ የሱቁ ባለቤት፣ ሻይ ይዘውልኝ ወደ ጓዳ ገቡ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ነገር አያስረዝሙም። «ሰርክ እንግሊዝኛ የምትችል ነበር የሚመስለን» አሉ። «ኩሽና ውስጥ ያሉት ሴቶች ወረቀት ሲመጣላቸው ‹ሰርክ ታነበዋለች› እያሉ ይሰጧት ነበር አሉ። ቤት ወስዳ ጠዋት ትመልስላቸዋለች።»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አልኳቸው።

«ታውቅ ነበር አልኩህ እንዴ?» አሉኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ፈተናው አራት ሳምንት አይሞላውም። ልጅቷ ጽሑፍ ላይ ያለባት ችግር በሦስት ቅዳሜ ይስተካከላል። ካልመጣች አይስተካከልም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ በሬ ክፍት ነው። አስተማሪ ተማሪውን ደጅ ሄዶ አይለምንም።

የአቢጌል ደብዳቤ ስለ ምን እንደነበረ ለማስታወስ ሞከርኩ። ነጠላ ሰረዞቹን አስታውሳለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 30

ሽማግሌ ተላከብኝ።

ከቅዳሴ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ተክለብርሃን ናቸው፣ ከእሳቸው ጋር ደግሞ ሙዳሲር፣ የሳብሪያ አባት፣ ታክሲውን ፒኮ ጎዳና ላይ አቁሞ። ወንበር አቀረብኩ። አልተቀመጡም።

«እስክትምር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተክለብርሃን።

«ማንን?»

«ሶሊያናን ነዋ። ልጅ ናት፣ አጥፍታለች፣ ታላቋን አንተ ብላለች። እናቷ አፍራ ልካናለች። ለእኛ ስትል ማራት።»

ቆሜ አየኋቸው። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ደረጃው ሦስት ፎቅ ነው። ቢሆንም አስቆምኳቸው። ስለ ሥነ ሥርዓት ተናገርኩ፣ ስለዚህ አገር አስተዳደግ ተናገርኩ። ሙዳሲር ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ «ስለ እናንተ ስል ምሬያታለሁ» አልኩ። ተቀመጡ፤ ውሃ ጠጡ።

ሲወጡ ሙዳሲር ወደ ኋላ ቀረት ብሎ «እንዳሻው፣ የእኔዋም ልጅ ወረቀት ትጽፋለች አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እሺ» አለና ወረደ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

ማሸነፌ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሲሄዱ የተቀመጡባቸውን ወንበሮች ሦስት ጊዜ ቦታ ቀያየርኳቸው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

መጣች። በሩ ላይ ቆማ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አለች፣ እንደተጠና መዝሙር። እርስዎ እያለች ነው የምትናገረኝ፣ በያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሁለቴ።

ወረቀቷ፦ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር። ውሻው ጅራቱን ይቆላል። ልጆቹ መጻሕፍታቸውን ይዘዋል። ልጅቷ ጫማዋን አጠለቀች። ሁሉም ቀስት ያርፋል። አንድም ስህተት የለም።

«ጥሩ» አልኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ፈተናው ላይ የሚመጣው እንዲህ ያለ ነው፤ ስለምታውቁት ሰው ጻፉ። ዛሬ ይህንኑ ሰጠሁ። ሳብሪያ ስለ አባቷ ታክሲ ጻፈች፣ ሰው አይደለም ብላት «ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ነው የሚውለው» አለችኝ። ሶሊያና ስለ እርሳስ ጻፈች። እርሳሱ ረጅም ነው። ቀለሙ ቢጫ ነው። ሲጠቀሙበት ያጥራል።

ስህተት፣ ዜሮ። ፈተና ላይ ይህን ከጻፈች ትወድቃለች። ሰው የሌለበት ጽሑፍ ነው።

«ስለ ሰው ነው ያልኩት» አልኳት።

«ሰው አላውቅም፣ ጋሼ» አለችኝ። በትሕትና ነው የተናገረችው። እጅግ በትሕትና።

የካቲት 15 ያነበብኩት ወረቀት ቃል በቃል በጭንቅላቴ አለ። ድምፄን አወፍራለሁ። ጣቷን ትነክሳለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ተማሪ እንዲህ ሲጽፍልኝ ስንት ጊዜ አጋጠመኝ? እኔ ያየሁት ግን ቀስቱን ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ፈረቃዬን አስቀይሬ በሬስቶራንቱ የጓሮ በር ገባሁ። ምሳ አልፏል። ሰርክ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«ሰርክ፣ ልጅቷ መጻፍ አቁማለች» አልኳት።

«ትጽፋለች። ‹ጥሩ› አሉኝ አለች።»

«በእኔ የተነሳ ነው።»

አሁን ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ሽማግሌ የላክሁት ልጄ ጥፋተኛ ስለሆነች መሰለዎት?»

የተከተፈውን ሽንኩርት አየሁ።

«ሌላ አስተማሪ ስለሌለኝ ነው። ‹ሄደሽ ይቅርታ በያቸው› ስላት ‹እማ፣ ምን አድርጌ?› አለችኝ። በይ ብቻ አልኳት። ልጄን አስዋሸኋት፣ ለእርስዎ ብዬ።» ቀጥላም «ደግሞ እሷ አትፈተንም» አለች።

ነገሩ ይህ ነው። የሚኖሩበት ሕንፃ ሊጠገን ነው፣ ተከራዩ ሁሉ ይወጣል። ሲያልቅ ወደዚያው ቤት መመለስ የሚፈልግ አስተዳዳሪዎቹ ቢሮ ቀርቦ ተናግሮ መፈረም አለበት። የሰርክ ቀጠሮ መጋቢት 23፣ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ፈተናውም በዚያው ጠዋት። ሁለት ጊዜ አስለውጣለች፤ ሦስተኛ የለም ተብላለች። ሶሊያና «ትምህርት ቤት ቀርቼ አብሬሽ እሄዳለሁ» ብላ ወስናለች። ፈተናው እንደገና የሚሰጥበት ቀን እንዳለ እንኳ አልጠየቁም፤ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ያለባት ያው ሶሊያና ናት፣ እሷ ደግሞ አልጠይቅም አለች።

«አስተርጓሚ ጠይቂ» አልኳት።

«ሐበሻ አስተርጓሚ? እኔ አውቶቡስ ሳልይዝ ጉዳዬ ሐበሻው ሰፈር፣ ፌርፋክስ ይደርሳል። ለነገሩ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ፣ እርስዎ አንብበውልኛል።»

«እኔ ልሂድልሽ።»

ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እርስዎ? አይሆንም፣ ጋሼ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ትምህርት ቤቱ ጋ ራሴ ደወልኩ፣ ሌላ የፈተና ቀን ካለ ብዬ። ወላጅ ነዎት? አሉኝ። አይደለሁም። እንግዲያው ልንነግርዎ አንችልም። በጣም ትክክለኛ በሆነ እንግሊዝኛ አመስግኜ ዘጋሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ልጆቹ ከመቀመጣቸው በፊት ተማሪ ሳስቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆምኩ። የተዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ከመካከሉ ጠፋኝ። የወጣው ይህ ነው፦

«የካቲት 15 የሶሊያናን ወረቀት ሳላስፈቅድ አነበብኩ። የቤቷን ነገር በሰው ፊት አወጣሁ። እሷ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። መቀበል አልነበረብኝም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።»

ሳብሪያ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ አሁን ማን ነው የሚቀጣዎት?»

«አላውቅም» አልኩ።

ሶሊያና «ኦኬ» አለች፣ ሌላ ምንም። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ትምህርቱ ቀጠለ። ሌሎቹ ሲወጡ ግን ቦርሳዋን ይዛ ቆመች።

«እማዬ እንዲመጡ እምቢ ያለችው ስለሚያርሟት ነው። ስታወራ በመሐል ሲገቡባት ከዚያ በኋላ ምንም አትልም። አውቃታለሁ።»

«አላርማትም።»

«ይችላሉ?»

ልዋሻት አልፈለግሁም። «ሞክሬ አላውቅም» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ሰርክ ደወለች፣ በምሳ ሰዓት። ጠዋት ከሥራ በፊት ከልጇ ጋር የምትለውን ስታጠና ሰንብታለች።

«ጋሼ፣ ይምጡ። ሶሊያና ‹አጠገብሽ ሰው ካለ ብቻ ነው ፈተናዬን የምቀመጠው› ብላለች። የማወራው ግን እኔ ነኝ። ካልጠየቅሁዎት አፍዎን እንዳይከፍቱ።»

«እሺ።»

«እሺ አይበሉኝ። ይማሉ።»

ማልኩ። ዳጊ ነገ እንዲተካኝ ለመንኩት። «ጋሼ ሲለምኑ ዛሬ ገና ሰማሁ» አለ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ሶሊያናን ትምህርት ቤት በር ላይ አውርደናት ነው የሄድነው። ከመኪናው ስትወርድ ለእናቷ በጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረችላት፤ የምትናገራቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። ሰርክም በጣቷ መለሰችላት። እኔን «ቻው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ቢሮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ትሑት ነበር፣ ግን ይቸኩላል። ሰርክ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጀመረች። እኔ እጆቼን ከጭኔ ሥር ከተትኩ። ሰውዬውን አጠገቡ ለተቀመጠው ባልደረባው ስታመለክት «ሺ» አለችው። ሁለቱን መኝታ ቤቶች «ኢት» አለቻቸው። ልጇን ሁለት ጊዜ «ሂ» አለቻት። በያንዳንዱ ምላሴን ነከስኩ፤ በምሳሌ አይደለም፣ አሁንም ያመኛል። ሰውዬው «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አላት። ሰርክ ተረዳች፣ ቀላች፣ ቆመች።

አሁን ዝም ትላለች ብዬ ፈራሁ። አልተንቀሳቀስኩም። ጣሪያውን አየሁ።

«ገርል» አለች። «ማይ ገርል። ቱዴይ ሺ ሃቭ ኤግዛም።» ቀጥላ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብላ በጣቷ እየቆጠረች ሁሉንም ነገረችው፤ ስንት ዓመት እንደኖረች፣ ወደዚያው ቁጥር ቤት መመለስ እንደምትፈልግ፣ በጽሑፍ እንዲሰጣት። ሰውዬው ወረቀት አወጣ። አንዲት መስመር ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ገፋችልኝ። አነበብኩላት፣ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር። መስመሯ የምትለው የተስማሙበትን ነው። ፈረመች።

መኪናው ጋ ስንደርስ ስልኳ ጮኸ። ሶሊያና ናት፤ ወጥታለች። ድምጿ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኛል፤ ስለ ሰው ጻፉ ተብለው ሦስት ገጽ እንደጻፈች፣ ሰዓት አልቆባት የመጨረሻው መስመር እንደተቆረጠ። ውጤቱ የሚመጣው ትምህርት ሲዘጋ ነው።

«እኔም ጨረስኩ» አለቻት ሰርክ። «ራሴ ነኝ ያወራሁት። እ? የለም፣ አልተናገሩም። ግድግዳ ሆነው ነው የተቀመጡት።» ስልኩን ዘጋችና ዞረችብኝ። «ስንት ስህተት ቆጠሩብኝ?»

«አልቆጠርኩም» አልኳት።

አሥራ ዘጠኝ ነው። መኪናውን አስነሳሁ።